በጠባብ ግቢ ውስጥ የፍራፍሬ ዛፍ እንዳይረዝም መቼና እንዴት ይገረዛል?

የለቡ ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ለቡ አካባቢ ሲሆን ቤታችን የተሠራው 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ነው። ከቤቱና ከመኪና ማቆሚያው የተረፈው፣ ከጓሮ በኩል ያለው አምስት ሜትር በስምንት ሜትር የሚሆን መሬት ብቻ ነው። በዚህ ቦታ ላይ ከቀድሞው ባለቤት የተረከብናቸው አንድ ኮክ፣ አንድ ዘይቱናና አንድ ሎሚ አሉ። ከእነርሱ ሌላ፣ ተጥሎ ከነበረ ፍሬ በቅሎ አሁን የጣሪያውን ክፈፍ ያለፈ አቮካዶ ቆሟል፤ እስካሁንም አንድ ጊዜ እንኳ አላበበም። በቅርቡ ደግሞ ሁለት የተዳቀሉ (የአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ዛፍ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደጉ) የፖም ችግኞች ገዝተን ገና ሳንተክላቸው ጥላ ሥር አስቀምጠናቸዋል።

የምፈልገው ዛፎቹ ሁሉ ያለ መሰላል፣ መሬት ላይ ቆሜ ልገርዛቸውና ልለቅማቸው በምችልበት ቁመት ላይ እንዲቆዩ ነው። የላይኛው ፍሬ ሁልጊዜ ለወፍ ይቀራል፤ ቅጠሉ የጎረቤታችንን አሸንዳ እየደፈነ ያስቸግራል፤ አቮካዶውም ከሰዓት በኋላ ለልብስ ማስጫ የሚሆነንን ፀሐይ ከልክሎናል። ባለፈው ግንቦት የኮኩና የአቮካዶው አናት በመጋዝ ተቆርጦ ነበር፤ ነገር ግን ክረምቱ ሳያልቅ ከተቆረጠበት ቦታ ቀጥ ያሉ በርካታ ቅርንጫፎች ፈልቀው ዛፎቹ ከበፊቱ ይበልጥ ረዘሙ። አሁን የመስከረም መጨረሻ በመሆኑ ዝናቡ እየቀነሰ ነው። ይህን ያህል ያጎነቆለ ዛፍ እንደገና መነካት አለበት ወይስ እስከ በጋው መጨረሻ ይጠበቅ? የፖም ችግኞቹንስ ከመነሻቸው አጭር ሆነው እንዲያድጉ ለማድረግ ምን ላድርግ?

የቀድሞ የግብርና ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ብዙ የከተማ ነዋሪ የሚቸገርበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይታገሡኛል ብዬ አስባለሁ። የዛፍ ቁመት የዝርያው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ እሰማለሁ፤ ይሁን እንጂ በግቢ ውስጥ ላለ ዛፍ ከዝርያው ያልተናነሰ ድርሻ ያለው በየዓመቱ የሚደረገው ግረዛ ነው። ከግረዛውም ውስጥ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ወቅቱን ነው፤ በተገቢው ጊዜ ጥቂት የተገረዘ ዛፍ ያለ ጊዜው ክፉኛ ከተቆረጠው ዛፍ ይልቅ አጭር ሆኖ ይቆያልና።

በግንቦት የተደረገው ቆረጣ ያስከተለው ውጤት የሚጠበቅ ነበር። ዛፍ በቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ በሥሩ፣ በግንዱና በወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ያከማቻል፤ ይህ ክምችት በብዛት የሚገኘውም አዲሱን ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ነው። በግንቦት አናቱ ሲነሣ ሥሩ አልተነካም፣ ክምችቱም አልተቀነሰም፤ ብዙም ሳይቆይ ዋናው የክረምት ዝናብ ገባለት። ቀድሞ ለአያሌ እምቡጦች ይከፋፈል የነበረው ኃይል በተቆረጠው ቦታ ዙሪያ ለቀሩት ጥቂት እምቡጦች ስለደረሰ እነርሱ ወደ ላይ ተወነጨፉ። ከዚህም ሌላ በቅርንጫፍ ጫፍ የሚገኘው እምቡጥ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ወደ ታች እየላከ ከበታቹ ያሉት እምቡጦች እንዳያቆጠቁጡ ይገታቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ይህ ገደብ ስለሚነሣ በአንድ ቅርንጫፍ ፋንታ አራትና አምስት ሆነው ይወጣሉ።

ስለዚህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ አይጠብቁ የሚል ነው። ቁመትን ለመቀነስ የሚደረግ ግረዛ የሚስማማው ክረምቱን የወጣው ለጋ ቅርንጫፍ ዕድገቱን ጨርሶ ቅጠሉ ሲጠነክር፣ በእርስዎ አካባቢ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ዛፉ ክምችቱን ያወጣው እነዚያን ቅጠሎች ለማብቀል ነው፤ ቅጠሎቹ ወጪያቸውን ለዛፉ ሳይመልሱ ሲወገዱ ዛፉ እንደገና ለመወንጨፍ የሚያስችለው አቅም ያንሰዋል፤ ከፊቱ ያለውም በጋ ስለሆነ ውኃ እንደ ልብ አያገኝም። አየሩ ደረቅ መሆኑም ቁስሉ በሻጋታ ሳይያዝ እንዲደርቅ ይረዳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ እንደ ሱሉልታና ሆለታ ባሉ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድባቸው ቦታዎች የሚኖሩ ሰዎች እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባይቆዩ ይሻላል፤ ከግረዛው በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቅጠል ውርጩ ሊያቃጥለው ይችላልና።

አሁን ወደ ኮክዎ ልምጣ። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው የዕድገት ወቅት በወጣ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ያፈራ ቅርንጫፍ በዚያው ቦታ ዳግመኛ አያፈራም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ካልተገረዘ ፍሬው እየራቀ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ የዛፉም መሐል ባዶ ይሆናል። በግንቦት ከተቆረጠበት ዙሪያ የፈለቁትን ቀጥ ያሉ ቅርንጫፎች በቁመታቸው መሐል አይቁረጧቸው፤ ይህን ካደረጉ እያንዳንዳቸው እንደገና በብዛት ያቆጠቁጣሉ። አብዛኞቹን ከመነሻቸው ያስወግዱና ወደ ጎን ያዘነበሉትን፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸውን ጥቂቶች ያስቀሩ፤ የሚመጣውን ፍሬ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። የዛፉ መሐል እንደ ጽዋ ክፍት ሆኖ ፀሐይ እስከ ታችኛዎቹ ቅርንጫፎች መድረስ አለበት፤ ጥላ የዋለበት የታችኛው ቅርንጫፍ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ዛፉን ዝቅ ለማድረግ የሚመለሱበት ነገር አይኖርም። ለዚህም ነው አጭር ዛፍ የሚፈልግ ሰው የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ያለበት፤ ብዙዎቻችን ግን ለመተላለፊያ ብለን መጀመሪያ የምንቆርጠው እነርሱን ነው።

ስንት እንደሚቆረጥ ለመወሰን ከዛፉ አጠገብ ቆመው እጅዎን ወደ ላይ ይዘርጉ። እጅዎ የሚደርስበት ቦታ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ የዛፉ የመጨረሻ ቁመት ይሁን። ከዚህ በላይ የወጣውን በአንድ ጊዜ ለማውረድ ግን አይጣደፉ፤ በአንድ ወቅት ከዛፉ ቅርንጫፍ ከአንድ ሦስተኛው በላይ ባይነሣ መልካም ነው። ረጅሙን ቅርንጫፍ ሲያነሡ ከዝቅታ ወደ ጎን ከወጣ ሌላ ቅርንጫፍ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ወርደው ይቁረጡት፤ ያ የጎን ቅርንጫፍ አዲሱ ጫፍ ሆኖ ኃይሉን ስለሚቀበል ዛፉ ያን ያህል አይወነጨፍም። ሲቆርጡ ጉቶ አይተዉ፤ የቅርንጫፉ መነሻ ላይ ያለውን እብጠትም አይንኩ፤ ቁስሉን የሚሸፍነው ቅርፊት የሚያድገው ከዚያ ነውና። መቀሱንና መጋዙን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ በአልኮል ወይም በውኃ በተበረዘ በረኪና መጥረግ በሽታ እንዳይዛመት ይረዳል።

ሰሚት ያለሁ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ አቮካዶው ግን በዝምታ ታልፏል። በእኔ አስተያየት 40 ካሬ ሜትር በሚሆን ጓሮ ውስጥ ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ቦታ የለውም። ዛፉ ከተተወ ከ15 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ሰባትና ስምንት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ፍሬውም ከእናት ዛፉ ጋር ስለማይመሳሰል ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላ ቃጫ የበዛበት ወይም የውስጡ ዘር ትልቅ ሆኖ ሥጋው ትንሽ የሆነ አቮካዶ ሊወጣ ይችላል። በየዓመቱ አናቱን እየቆረጡ ማቆየት ደግሞ አበባውን ከማስቀረት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም፤ አቮካዶ የሚያብበው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ነውና። ከሥሩ ይነሣና በቦታው የተዳቀለ ችግኝ ይተከል፤ እርሱ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል።

የቀድሞ የግብርና ባለሙያ

አቮካዶውን ያላነሣሁት ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ነበር። ከሰሚት የጻፉት ሰው ስለ ዛፉ ጠባይ ያሉት ትክክል ነው፤ በመደምደሚያው ብቻ አልስማማም። ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ያበጀውን ሥር ከማጥፋት በፊት እዚያው እንዳለ ወደ ጥሩ ዝርያ መለወጥ ይቻላል። ግንዱ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ላይ ይቆረጣል፤ ሥሩን የሚመግብ አንድ የታችኛ ቅርንጫፍ ግን ይቀራል። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት መካከል ጠንካሮቹ ሁለትና ሦስቱ ተመርጠው ሀስ ወይም ሌላ የታወቀ ዝርያ ይዳቀልባቸዋል፤ ማዳቀሉ ሲይዝም የቀረው አሮጌ ቅርንጫፍ ይነሣል። ይህን ሥራ እጁ የለመደ ሰው ቢሠራው ይመረጣል፤ የተዳቀለ ችግኝ ከሚያዘጋጁ ችግኝ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ይቻላል።

የአቮካዶ ቅርፊት ስስ ስለሆነ በቅጠል ተሸፍኖ የኖረ ግንድ በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላል፤ ይሰነጠቃልም። የበጋችን ፀሐይ በዚህ ከፍታ ላይ ኃይለኛ በመሆኑ የተጋለጠውን ግንድና ቅርንጫፍ ሁሉ በውኃ የተበጠበጠ ኖራ መቀባት ግዴታ ነው። ሌላው ነገር አፈሩ ነው፤ ለቡ አካባቢ ጥቁር አፈር ይበዛል፤ በክረምት ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ደግሞ ፋይቶፍቶራ ለተባለው የሥር አበስባሽ በሽታ ይመቻል፤ አቮካዶ በዓለም ሁሉ በብዛት የሚሞተውም በእርሱ ነው። ዛፉ ይህን አፈር ለምዶ እዚህ ከደረሰ ሥሩ ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው። አዲስ ችግኝ ለመትከል ከተወሰነ ግን መሬቱን ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ከመክተት ይልቅ ከፍ ተደርጎ በተከመረ አፈር ላይ ይተከል።

ያም ሆነ ይህ፣ የተዳቀለውም አቮካዶ ቢሆን ሁለት ሜትር ላይ አይቆምም፤ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ማቆየት ከቻሉ መልካም ነው። ይህም የሚሆነው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በየዓመቱ አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ከመነሻው በማንሣት እንጂ ጫፎቹን ሁሉ በማጨድ አይደለም፤ የሚያብቡት እነዚያ ጫፎች ናቸውና። ለልብስ ማስጫ የሚሆነው ፀሐይ ከአቮካዶው ይልቅ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የሰሚቱን ምክር ቢከተሉ አልወቅስዎትም።

ከጨንቻ

እኔ የምጽፈው ስለ ፖሙ ብቻ ነው። በጋሞ ደጋ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጨንቻ ፖም የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ በመሆኑ ጉዳዩን በቅርብ እናውቀዋለን። ችግኞቹን ከመትከልዎ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ የላይኛው ዝርያ ምን እንደሆነና የተዳቀለበት ሩትስቶክ፣ ማለትም ሥር የሚሆነው የታችኛው ክፍል፣ ምን እንደሆነ። ቁመቱን በአብዛኛው የሚወስነው ሩትስቶኩ ነው። ኤም 9 የተባለው ዛፉን ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ያቆመዋል፤ ነገር ግን ሥሩ ደካማና ተሰባሪ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል፤ በደካማ መሬት ላይም ይቀጭጫል። ኤምኤም 106 ደግሞ ካልተገረዘ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል፤ ሆኖም ጠንካራና በግረዛ የሚታዘዝ ነው። እኔ ብሆን ለጠባብ ግቢም ቢሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቁመቱን በመቀስ መቀነስ ይቻላል፤ የደከመን ሥር ግን ማጠንከር አይቻልም።

ሲተክሉ የተዳቀለበት ቦታ፣ ያ ግንዱ ላይ የሚታየው እብጠት፣ ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል መቅረት አለበት። አፈር ከለበሰ የላይኛው ዝርያ የራሱን ሥር ያበጅና ሩትስቶኩ ቁመት የመቀነስ ሥራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዛፉ ትልቅ ዛፍ ነው። ከተከሉ በኋላ ችግኙ ያልተቀረነጨፈ አንድ ዘንግ ከሆነ በጉልበት ቁመት፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡት። ገንዘብ የወጣበትን ችግኝ ግማሹን ቆርጦ መጣል ልብ ያስጨንቃል፤ ሆኖም ዋናዎቹ ቅርንጫፎች ዝቅ ብለው የሚወጡት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ወገብ ላይ የቀረነጨፈ ፖም ኋላ በምንም ዓይነት ግረዛ ጉልበት ላይ አይቀረነጭፍም።

ቅርንጫፎቹ ክንድ ያህል ሲሆኑ ወደ ጎን ያዘንብሏቸው። በሲባጎ አስሮ መሬት ከተተከለ ካስማ ጋር መያዝ ወይም ውኃ የተሞላ ትንሽ ሃይላንድ ቅርንጫፉ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ወደ ጎን ያዘነበለ ቅርንጫፍ ዕድገቱን ቀዝቀዝ አድርጎ ቶሎ ወደ ማበብ ይሄዳል፤ ፍሬ የያዘ ዛፍ ደግሞ ኃይሉ ወደ ፍሬው ስለሚሄድ በራሱ አይረዝምም። ፖም እንደ ኮክ አይደለም፤ የሚያፈራው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው አጫጭር ጉጦች ላይ ስለሆነ እነዚያን ጉጦች ኮኩን በሚገርዙበት እጅ እንዳያስወግዷቸው ይጠንቀቁ።

ሁለቱ ችግኞች አንድ ዓይነት ዝርያ ከሆኑም አንዱን ይለውጡ። ፖም በአብዛኛው ከሌላ ዝርያ የሚመጣ የአበባ ዱቄት ይፈልጋል። ከእስራኤል የወጣው አናና ከባሃማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ብዙ ቅዝቃዜ ስለማይፈልጉና በአንድ ሰሞን ስለሚያብቡ አብረው ይተከላሉ። በእኛ አገር ፖም በፈረንጅ አገር እንደሚሆነው ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ አይተኛም፤ ስለዚህ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ የቀረውን ቅጠል በእጅ እየቀነጠሱ ማራገፍ የተለመደ ነው፤ ይህም እምቡጦቹ በአንድነት እንዲፈነዱ ያደርጋል።

ከቨርጂንያ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ በአሜሪካ በሚሠሩ ቪዲዮዎች ተመርተው የሚገርዙ ዘመዶች ስላሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በሚተኛበት ጊዜ፣ በጥርና በየካቲት የሚደረገው ግረዛ ለዛፉ ቅርጽ ለማስያዝና ለማበርታት ነው፤ ቁመቱን ለመግታት ደግሞ ቀኑ በጣም በሚረዝምበት ወቅት፣ እንደ እኛ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ በኋላ፣ የዓመቱን ዕድገት ሲጨርስ ሁለተኛ ጊዜ ይገረዛል። ቪዲዮውን አይቶ ወሩን እንዳለ ወስዶ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው በሰኔ ሲገርዝ ክረምት መግቢያ ላይ ይሆናል፤ ውጤቱም በግንቦት ከሆነው የተለየ አይሆንም። መወሰድ ያለበት ወሩ አይደለም፤ ቅርንጫፉ ማደጉን ማቆሙ ነው።

የለቡ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አቮካዶውን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም፤ ኮኩን ግን በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ። ሁለት ነገሮች ቀሩኝ። ሎሚውና ዘይቱናውስ በዚሁ መንገድ ይገረዛሉ? ፖሞቹን ደግሞ ሥራቸው እንዳይስፋፋ ግማሽ በርሜል ውስጥ ብተክላቸው ይሻል ይሆን?

የቀድሞ የግብርና ባለሙያ

ዘይቱና ከሁሉም የቀለለው ነው። የሚያፈራው በዚያው ወቅት በሚያወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ጠበቅ ተደርጎ ቢቆረጥም ፍሬ አይነፍግዎትም፤ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን ብቻ በየጊዜው ይንቀሉ። ሎሚ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚለብስ ዛፍ ስለሆነ ከምግቡ ብዙውን የሚያከማቸው በቅጠሉና በቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ነው፤ ብዙ ቅጠል ሲነሣበት ፍሬው ይቀንሳል። የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ቀጥ ብሎ ከአናቱ በላይ የወጣውን ብቻ ማንሣት ይበቃል። ታችኛው ቅጠሉ ግንዱን ከፀሐይ ስለሚከልልለት እስከ ጉልበት ድረስ ወርዶ ቢቆይ ግድ የለም። ያለ ልክ የተገረዘ ሎሚ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ለጋ ቅጠል በቅጠሉ ውስጥ እየተሽሎከሎከ ነጭ መስመር የሚሠራውን ትል ይጋብዛል። ሎሚው የተዳቀለ ከሆነ፣ ከተዳቀለበት በታች የሚወጣውን፣ ብዙውን ጊዜ እሾሁ የበረታውንና ቅጠሉ የተለየውን ቡቃያ ወዲያው ያስወግዱ። የአገራችን ሎሚ በአብዛኛው ከፍሬ የሚበቅል ስለሆነ ግን የእርስዎም እንደዚያው ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ከሥር የሚወጣው ቡቃያ ያው ሎሚ ነው፤ መነሣት ያለበት ሲያጨናንቅ ብቻ ነው።

በርሜሉ ሥርን በመገደብ ቁመት ይቀንሳል፤ ነገር ግን በበጋ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ ውኃ ማጠጣት ይጠይቃል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ መሬት እያለ፣ ይህን ዕዳ መግባት አይታየኝም። ከአጥሩ ሁለት ሜትር፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል አራርቀው መሬት ላይ ይትከሏቸው፤ ቦታው ካልበቃ ከአጥሩ ግንብ ላይ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ሽቦ ወጥሮ ቅርንጫፎቹን ግራና ቀኝ በሽቦው ላይ እያሰሩ ግንቡን ተከትሎ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲያድግ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከግንቡ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቃዋል። ኮኩን ገርዘው ሲጨርሱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ክረምት ፍግም ሆነ ዩሪያ አይጨምሩበት፤ የቆረጡትን ቅርንጫፍ መልሶ የሚያበቅለው እርሱ ነው።